ከሥራ የተነሣ ሰው የማንን ጥፋት ይዞ ይሄዳል?



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ለአንዳንዱ ሰው ቀላል፣ እንዲያውም የጨዋታ ነገር መስሎ ሊታየው ይችላል። ጥያቄው ስለ እግር ኳስ አሠልጣኝ ነውና። ዳሩ ግን እኛ ራሳችን ገብተንበት ስናየው ከኳስ ሜዳ አልፎ እስከ ቤታችን፣ እስከ ሥራ ቦታችንና እስከ ማኅበራችን ድረስ የሚከተለን ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። ይኸውም፣ ብዙ ሰው በአንድነት የሠራው ሥራ ሲበላሽና አንድ ሰው ብቻ ከኃላፊነቱ ሲነሣ፣ ያ ሰው ይዞት መሄድ የሚገባው የማንን ጥፋት ነው? የሚል ነው።

ነገሩን ከራሳችን እንጀምር። እኛ የዱርቤቴ ወጣቶች ነን። ከተማችን ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የደቡብ አቸፈር ወረዳ መቀመጫ ናት። ክረምት ገብቶ በሌላ ከተማ የሚማሩት ጓደኞቻችን ሲመለሱ፣ የሰፈራችን ቡድን ይሰበሰባል። አሠልጣኛችን ጋሼ የምንላቸው አንድ አናጢ ነበሩ። ደመወዝ የሚባል ነገር የላቸውም። የግቡን ቋሚ ባሕር ዛፍ ጠርበው የተከሉት እርሳቸው ናቸው። ኳሱ የሚያድረው እርሳቸው ቤት ነው። ሲተነፍስ የሚነፉት፣ ስፌቱ ሲለቅም የሚሰፉት እርሳቸው ነበሩ።

ባለፈው ክረምት ከጎረቤት ከተማ ከመጡ ወጣቶች ጋር ተጫውተን 5 ለ 1 ተሸነፍን። ሜዳው ጭቃ ነበር፤ ተመልካቹ ብዙ ነበር፤ ኀፍረቱም የዚያኑ ያህል ነበር። በዚያው ምሽት ተሰበሰብንና እጅ በማውጣት ጋሼን ከአሠልጣኝነት አነሣናቸው። እርሳቸው በስብሰባው ላይ አልነበሩም፤ የጠራቸውም ሰው የለም። የሰሙት በማግሥቱ አንድ ልጅ ኳሱን ሊያመጣ ቤታቸው በሄደ ጊዜ ነው። ምንም አልተናገሩም። ኳሱን በደንብ ነፍተው ሰጡት።

ከዚያ በኋላ «ማን ይተካ?» የሚለው ክርክር ተከፈተ፤ ሦስት እሑድም ፈጀ። ገሚሶቻችን «ከባሕር ዳር ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ ሰው ይምጣ፤ የመንደር ሰው ይብቃን» አልን። ገሚሶቻችን «የእኛን ጠባይ የሚያውቀው የቀድሞው አምበላችን ነው» አልን። ጥቂቶችም «ለምን አሠልጣኝ ያስፈልጋል? ተጫዋቾቹ ተነጋግረው ይሰለፉ» አሉ። ክርክሩ ሞቅ ያለ ነበር። ሰው ሁሉ ዕውቀቱን አወጣ፤ የእንግሊዝ፣ የስፔንና የጣሊያን ምሳሌ ሁሉ ተጠቀሰ።

በሦስተኛው እሑድ ግን የቡድኑ ጸሐፊ የሆነችው እኅታችን ቃለ ጉባኤውን ዘርግታ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «እስካሁን አንድ መሥመር ክፍት ነው። ጋሼ የተነሡበትን ምክንያት ምን ብዬ ልጻፍ?» አንዱ ፈጠን ብሎ «ውጤት ስለ ጠፋ ብለሽ ጻፊ» አላት። እርሷም «ውጤት የጠፋውስ በምን ምክንያት ነው?» ስትል መልሳ ጠየቀች። ቤቱ ዝም አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ተተኪው ስንከራከር፣ ስለ ተነሡት ሰው አንድ መሥመር የሚሞላ ነገር አለመነጋገራችን ያን ጊዜ ገባን።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያች ባዶ መሥመር ነው።

በመሠረቱ እንዲህ ያለው ነገር በእኛ የተጀመረ አይደለም። በሀገራችን ትልቁ ቡድን ላይ የሆነውን እናስታውስ። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።) ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ገና ልጆች ነበርን፤ ሆኖም ታላላቆቻችን ሲጮኹና ሲያለቅሱ ያየነውን አንረሳም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፈ። በመጀመሪያው ጨዋታ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳው ውጭ ባገባቸው ግቦች ብዛትም ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ይህ የሆነው ከ31 ዓመት በኋላ ነው። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። በዚያ ሰሞን ስማቸው ያልተወደሰበት ቤት አልነበረም።

በጥር ወር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው ውድድር ቡድናችን የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ተገናኘ። በረኛው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቶበት፣ በዐሥር ሰው ተጫውቶ 1 ለ 1 ተለያየ። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ ደግሞ 2 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ። ሕዝቡ ግን አልተቀየመም። በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ቀን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ከተማው በጭፈራ ተናወጠ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣውን ልብ ይሏል። ከአንድ ሳምንት በፊት ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈን ነበር። ነገር ግን በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት ማረፍ የነበረበት አንድ ተጫዋች በዚያ ጨዋታ ተሰልፎ ስለተገኘ፣ ፊፋ ድሉን ሽሮ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ቆጠረብን። ሦስት ነጥብ ሄደ። ፌዴሬሽኑም ስሕተት መሠራቱን አመነ። ቡድኑ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። በመጨረሻው ዙር የአፍሪካ ሻምፒዮን ከሆነችው ናይጄሪያ ጋር ተገናኝቶ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ቀን ደግሞ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈና የዓለም ዋንጫው በር ተዘጋ። በጥር ወር በሀገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ በሚሳተፉበት በቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ግብ እንኳ ሳያገባ ተሸነፈ። ጥቂት ቆይቶም አሠልጣኝ ሰውነት ተሰናበቱ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ትናንት «አባታችን» ሲል የነበረ አፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ «ድሮም አያውቁም ነበር» ማለት ጀመረ። ክርክሩም ወዲያው ወደ ተተኪው ዞረ። የሀገር ልጅ ይሁን ወይስ የውጭ ሰው? «የሀገር ልጅ ቋንቋውንም ጠባዩንም ያውቃል» የሚል አለ። «የውጭ ሰው ለዝምድና አይንበረከክም፤ ዘመናዊውን አጨዋወት ያመጣል» የሚል አለ። ሁለቱም ወገን የየራሱ እውነት ነበረው። በመጨረሻ የውጭ ሰው የሚለው አሸነፈና በዚያው በ2006 ዓ.ም. ፖርቱጋላዊው ማርያኖ ባሬቶ መጡ። በእርሳቸው ጊዜ ቡድኑ ማሊን ባማኮ ድረስ ሄዶ 3 ለ 2 ቢያሸንፍም የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያውን ከምድቡ በመጨረሻነት ጨረሰ። በ2007 ዓ.ም. እርሳቸውም ተሰናበቱ፤ የሀገር ልጅ የሆኑት ዮሐንስ ሣህሌም ተተኩ።

ቁጥሩን አንድ ላይ ብናደርገው፣ ከ2002 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2007 ዓ.ም. መጨረሻ ባለው አምስት ዓመት ውስጥ ቡድኑን አንድ ብሪታንያዊ፣ አንድ ቤልጂጋዊ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ፣ አንድ ፖርቱጋላዊ፣ እንደ ገና አንድ ኢትዮጵያዊ በዋና አሠልጣኝነት ይዘውታል። የውጭም ሰው ተሞከረ፤ የሀገርም ልጅ ተሞከረ። ከእነዚህ መካከል ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃን ኢትዮጵያዊው ነበር። ሆኖም እርሱም ሲሸነፍ እንደ ሌሎቹ ሄደ። ስለዚህ «ከየት ሀገር የመጣ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለመሆኑ የካርዱን ጉዳይ ማን ይዞት ሄደ? ቢጫ ካርድ መቁጠር ከአሠልጣኙም ሆነ ከጽሕፈት ቤቱ በአንድ ሰው እጅ መሆን ነበረበት። ያ አሠራር ከአሠልጣኝ ጋር የሚሰናበት ነገር ነውን? አዲሱ አሠልጣኝ ከሊዝበን ቢመጣ ከዱርቤቴ፣ መዝገቡ ካልተያዘ ስሕተቱ ተመልሶ ይመጣል። የሜዳውንም ነገር እንይ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን ደረጃ የሚያሟላ ስታዲየም በመታጣቱ፣ ከዚህ ቀደም ብሔራዊ ቡድናችንን ያስተናገደው የባሕር ዳር ስታዲየም ጭምር ተከልክሎ፣ ዋልያዎቹ ለዓመታት «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሰው ሀገር ለማድረግ ተገደዱ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመሩ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላይ ሳይሆን ማላዊ ውስጥ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ያን የመሰለ ድል የራሱ ሕዝብ በሌለበት ሜዳ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት አሠልጣኝ ውበቱም ከቡድኑ ጋር ተለያዩ። ስታዲየሙን ግን ይዘውት አልሄዱም፤ ሊይዙትም አይችሉም። አሠልጣኝ ሄዶ አሠልጣኝ ሲመጣ የሜዳው ችግር እዚያው ቀረ።

በአገራችን ጤፉን ሳያርም የከረመ ገበሬ ምርቱ ሲያንስበት በሬውን ገበያ አውጥቶ ቢሸጥ ጎረቤቱ ምን ይለዋል? «አረሙንስ ለማን ትሸጠዋለህ?» ይለዋል። በሬው ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ መሸጡም ተገቢ ሊሆን ይችላል። አረሙ ግን ከበሬው ጋር አይሸጥም።

እዚህ ላይ አንድ ወንድማችን ያነሣውን ተቃውሞ ሳንመልስ ማለፍ አይገባንም። እንዲህ አለ፦ «እንደ እናንተ አባባል ከሆነ ማንም ሰው ከቦታው መነሣት የለበትም። ሁሉም ‹ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም› ይላል። እንዲህ ሲባባል ሥራ ይበላሻል፤ ሕዝብም ይጎዳል።» ይህ ጠንካራ ቃል ነው። እኛም ብዙ ካሰብንበት በኋላ የደረስንበት ሐሳብ የሚከተለው ነው።

ተጠያቂ መሆንና ጥፋተኛ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተጠያቂነት ከቦታው ጋር ይመጣል፤ ጥፋተኝነት ግን ከሥራው ጋር ይመጣል። አሠልጣኝ የሆነ ሰው ሌሎች ለሚሠሩት ሥራ ጭምር ሊጠየቅ ፈቅዶ ቦታውን ይቀበላል። አጥቂው ፍጹም ቅጣት ምት ቢስት የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ የመታው ግን እርሱ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ጥፋተኛ ሳይሆንም ከቦታው መነሣቱ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል። ቡድኑ ሌላ ድምፅ፣ ሌላ ሐሳብ አስፈልጎት ይሆናል። በዚህ የሚነሣው ሰው አልተበደለም። በደሉ የሚጀምረው መነሣቱን ወደ ፍርድ ስንለውጠው፣ ማለትም «ተጠያቂ ነበርና ጥፋቱ ሁሉ የእርሱ ነው» ስንል ነው። ያን ጊዜ የእኛን ድርሻ በትከሻው ጭነን እንሰደዋለን። እኛም በአንድ ምሽት ንጹሓን ሆነን እናድራለን።

ለዚህ ከባዱን ምሳሌ ከውጭ ሀገር እንውሰድ። ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ራኒየሪ ሌስተር ሲቲ የተባለውን የእንግሊዝ ክለብ በ2008 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን አደረጉት፤ ያን የመሰለ ነገር የጠበቀ ሰው አልነበረም። ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በየካቲት 2009 ዓ.ም.፣ ክለቡ ከወራጆቹ በአንድ ነጥብ ብቻ ከፍ ብሎ ሳለ አሰናበታቸው። ብዙ ሰው አዘነ። ነገር ግን ምክትላቸው የነበሩት ክሬግ ሼክስፒር ሲተኩ ክለቡ ተከታታይ አምስት የሊግ ጨዋታ አሸነፈና ዐሥራ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። እንግዲህ ስንብቱ ጠቅሟል ማለት ነው። ዳሩ ግን አንድ ነገር እንጠይቅ፤ በአምስቱ ጨዋታ ያሸነፉት ቀድሞ የተሸነፉት ተጫዋቾች ራሳቸው አይደሉምን? እግራቸው በአንድ ሳምንት አልተለወጠም። ተተኪው አሠልጣኝም በሚቀጥለው ጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. ተሰናበቱ። ክለቡ ራኒየሪን ማንሣቱ ሳያስፈልግ አልቀረም እንበል። ያም ሆኖ ለሻምፒዮንነቱ የተገባቸው ምስጋና በስንብቱ አልተሻረም፤ ለሽንፈቱም ሌሎች የነበራቸው ድርሻ በስንብቱ አልተከፈለም።

አንዳንዶቻችን ደግሞ «ትዕግሥት ብቻ ነው መልሱ» አልን። ምሳሌውም ዝነኛ ነው። አሌክስ ፈርጉሰን ማንችስተር ዩናይትድን በ1979 ዓ.ም. ሲይዙ ለሦስት ዓመት ተኩል ያህል አንድ ዋንጫ አላገኙም፤ በ1982 ዓ.ም. በየጋዜጣው «ይነሡ» ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት የኤፍ.ኤ. ዋንጫን አገኙ። እስከ 2005 ዓ.ም. ቆይተውም ዐሥራ ሦስት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አነሡ። እርሳቸውን የተኩት ዴቪድ ሞየስ የስድስት ዓመት ውል ተፈርሞላቸው በዐሥረኛው ወር ተሰናበቱ። ይህ ታሪክ ያስተምራል፤ ሁሉን ግን አያስተምርም። ታግሠው የተጠቀሙትን እናስታውሳለን፤ ታግሠው የወደቁትን የሚያነሣቸው የለም። ስለሆነም «ሁልጊዜ ታገሥ» ማለትም «ሁልጊዜ አንሣ» ማለትም ከማሰብ የሚያድን አቋራጭ ነው። አቋራጭ መንገድ ደግሞ በክረምት አያስኬድም።

አንድ ጨዋታ ብቻ አይቶ ሰውን መመዘንም እንዲሁ ነው። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በአልጄሪያ ሜዳ 7 ለ 1 ተሸነፉ። ከአራት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ የአልጄሪያ ቡድን ገጥመው 3 ለ 3 ተለያዩ። አሠልጣኙ ያው አሠልጣኝ ዮሐንስ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ምሽት የፈረደና በአምስተኛው ቀን ምሽት የፈረደ ሰው ስለ አንድ ሰው ሁለት የተለያየ ፍርድ ይሰጥ ነበር። እኛም የፈረድነው በጭቃው ቀን ምሽት ነው።

ይህን ሁሉ ከተነጋገርን በኋላ፣ «ማን ይተካ?» ከማለት በፊት መመለስ ያለባቸው ሦስት ጥያቄዎች እንዳሉ ተስማማን።

አንደኛ፣ የተነሣው ሰው ድርሻ የትኛው ነው? ይህ ጥያቄ ሰውየውን ለማዳን ብቻ የሚጠየቅ አይደለም። የእርሱን ድርሻ በትክክል ያላወቀ ሰው ተተኪውን በምን ይመርጣል? ቡድኑ የተሸነፈው ተከላካዩ ስለሳሳ ከሆነ አንድ ዓይነት ሰው ያስፈልጋል፤ ተጫዋቾች ስለማይሰሙት ከሆነ ሌላ ዓይነት ሰው ያስፈልጋል። ምክንያቱን ሳያውቅ የሚመርጥ ሰው፣ ሕመሙን ሳይናገር መድኃኒት ቤት ገብቶ «ጥሩውን ስጠኝ» እንደሚል በሽተኛ ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለውም እንዲህ ባለው ምርጫ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የእኛ ድርሻ የትኛው ነው? ይህ ጥያቄ ይጎመዝዛል። በዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን የእንግሊዝ ክለብ አሠልጣኝ ሲባረር «እገሌ ይምጣ፣ እገሌ ይሻላል» የምንለው ክርክር የሚጣፍጠን ስለ ምንድን ነው? ምንም ስለማያስከፍለን ነው። ተሳስተን ብንገኝ የምናጣው የሻይ ዋጋ ብቻ ነው። በገዛ ቡድናችን ላይ ግን እንደ ተመልካች ልንከራከር አንችልም፤ ግቡ ሲገባ በሜዳው ውስጥ ነበርንና።

ሦስተኛ፣ የሚነሣው ሰው ሰምቷልን? ሰውን ከቦታው ማንሣት ይቻላል። ሳይሰሙት፣ ፊቱን ሳያዩ፣ በሌለበት ማንሣት ግን ሥራውን ብቻ ሳይሆን ሰውነቱንም ማንሣት ነው። ከሥራ የሚሰናበት ሰው የሚያጣው ቦታውን ነው፤ ክብሩን እንዲያጣ የፈረደበት ሕግ የለም።

አሁን ወደ ባዶዋ መሥመር እንመለስ። በአራተኛው እሑድ ስለ ተተኪው መነጋገር ትተን ስለ ምክንያቱ ተነጋገርን። ከባድ ስብሰባ ነበር፤ ሁለት ሰዎች አኩርፈው ወጥተው ተመልሰዋል። በመጨረሻ ጸሐፊዋ የጻፈችው ይህን ነው፦

«የተነሡበት ምክንያት፣ ቡድኑ ውጤት ስላጣ። የአሠልጣኙ ድርሻ፣ በጭቃ ሜዳ አጨዋወት እንዲለወጥ ተጫዋቾች ሲያሳስቧቸው አለመስማታቸው፤ ለወጣት ተጫዋቾች ዕድል አለመስጠታቸው። የተጫዋቾች ድርሻ፣ ከዐሥራ ስምንት ሰው ውስጥ ለልምምድ ይገኝ የነበረው ሰባት ወይም ስምንት ብቻ መሆኑ። የኮሚቴው ድርሻ፣ የሦስት ወር መዋጮ ሳይሰበሰብ መቅረቱና በአንድ ያረጀ ኳስ ብቻ ልምምድ መደረጉ። የሁላችን ድርሻ፣ አሠልጣኙን በሌሉበት ማንሣታችን።»

ከመካከላችን አራት ሰዎች ቃለ ጉባኤውን ይዘው ወደ ጋሼ ቤት ሄዱ። ጋሼ በረንዳቸው ላይ በር እየጠረቡ ነበር። መጥረቢያቸውን አስቀምጠው፣ እንድንቀመጥ ጋብዘው፣ ንባቡን እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰሙ። ከዚያም «የእኔ የተጻፈው ልክ ነው። የእናንተ ግን ትንሽ አንሷል» አሉና ሳቅ አሉ። ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ ይቅር አሉን። «እንግዲያው ይመለሱልን» ስንላቸው ግን እምቢ አሉ። «ልጆቼ፣ መነሣቴ አልከፋኝም። ደክሞኝም ነበር። የከፋኝ ሳትጠሩኝ መነሣቴ ነው። ብትጠሩኝ ኖሮ እኔው ራሴ ሰው እጠቁማችሁ ነበር» አሉን።

ይህን ቃል ይዘን ስንመለስ በመንገድ ላይ የተናገረ ሰው አልነበረም። ሦስት ሳምንት ያህል በጩኸት የፈለግነውን መልስ፣ ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰው አንድ መንደር ርቀው ተቀምጠው ነበር። ቡድኑን ስድስት ክረምት ይዘዋል። ማን እንደሚታዘዝ፣ ማን እንደሚያኮርፍ፣ ማን በርኅራኄ ማን በቁጣ እንደሚመለስ ያውቃሉ። ስናነሣቸው ዕውቀታቸውንም አብረን ጣልነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው።

በመጨረሻ እርሳቸው የጠቆሙትን አንድ ወጣት መረጥን። ወጣቱም ከመቀበሉ በፊት መጀመሪያ የጠየቀን ነገር «ጋሼ ለምን ተነሡ?» የሚል ነበር። ቃለ ጉባኤውን አነበብንለት። እርሱም «እንግዲህ የጋሼ ድርሻ ለእኔ ትምህርት ይሁነኝ። የእናንተ ድርሻ ግን የእናንተው ነው፤ መዋጮው ሲሰበሰብና ለልምምድ ዐሥራ አምስት ሰው ሲገኝ ጥሩኝ» ብሎን ሄደ። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ መዋጮው ተሰብስቧል። ለልምምድ የሚገኘው ሰው ግን ዐሥራ ሁለት ደርሶ ቆሟል። ሦስት ሰው ይቀረናል።

ውድ አንባቢ ሆይ! ምናልባት አንተ ኳስ አትወድ ይሆናል፤ አንቺም የአሠልጣኞችን ስም አታውቂ ይሆናል። ነገር ግን የዕድር ዳኛ ሲወርድ፣ የማኅበር ሰብሳቢ ሲቀየር፣ የክፍል አለቃ ሲነሣ አይታችኋል። በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰው «ማን ይተካ?» ብሎ ሲጮኽ፣ እንደ እኅታችን ቃለ ጉባኤውን ዘርግቶ «ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?» የሚል አንድ ሰው በመካከላችሁ ይኑር። መሥመሩን በሐቅ ስትሞሉት የተነሣው ሰው ድርሻውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ቀሪው ከእናንተ ጋር ይቀራል፤ ሊታረም የሚችለውም ከእናንተ ጋር የቀረው ነው።

የግባችን ቋሚ በዘንድሮው ዝናብ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ለልምምድ ስንወጣ ቀጥ ብሎ፣ ሥሩም በድንጋይ ተጠቅጥቆ አገኘነው። ማን እንዳቃናው መጠየቅ አላስፈለገንም።